ከጋሽ ዳልኬ ስም ይልቅ ኮምፒውተር

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ንዴቴ አሁንም አልበረደም። ዛሬ ሶዶ በተከፈተው ዐውደ ርዕይ የወላይታ ባህል ጨርቅ የሆነው ዱንጉዛችን ተሰቅሎ ነበር። ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ግን «በኮምፒውተር የተሠራ» ይላል። በኮምፒውተር!

እውነት ነው፣ ንድፉን ያወጣሁት በኤአይ ነው። በፖስተርና በወንበር ንድፍ የሞከርኩትን በጨርቅም ልየው ብዬ የድሮ ዱንጉዛዎችን ፎቶ አስገባሁለት። የሰጠኝ ጥለት ያምራል፤ ሊሸመን ግን አይችልም ነበር። ሦስት ጊዜ ፈትተው፣ ቀዩን ከጥቁሩ እንደገና አስማምተው ጨርቅ ያደረጉት የቤሌው ሸማኔ ጋሽ ዳልኬ ናቸው።

«የሸማኔው ስም ይጻፍ» አልኩት አዘጋጁን።

«እህቴ፣ ሰው የሚመጣው ኮምፒውተሩን ብሎ ነው። ሸማኔማ የትም አለ» አለኝ እየሳቀ።

ደሜ ፈላ። ጨርቁን አውርጄ፣ አጥፌ ወጣሁ።

በሩ ላይ ከጋሽ ዳልኬ ጋር ተገጣጠምን። የእሁድ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባለቤታቸውን ይዘው ከቤሌ በአውቶቡስ መጥተዋል። የሆነውን ነገርኳቸው። በማውረዴ ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር።

«ስሜንስ እኔ አውቀዋለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «ሥራውን ግን ሰው እንዲያየው ነበር የሠራሁት። ባለቤቴም ገና አላየችውም።»

እዚያው መንገድ ዳር ዘረጋሁላቸው። ባለቤታቸው ጠርዙን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። ባጃጅ ሊያልፍ ሲመጣ አጠፍኩት።

ነገ መልሼ ልስቀለው ይሆን? ያንን አዘጋጅ ግን በምን አፌ ልለምነው...