ሰው የሌለበት የፖም ዛፍ

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለኦግኒያን፤

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከረምክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ወገብህን ተሻለህ? ባለቤትህ ኡርሱላ እንደምን ናት? ሚላዬስ የወለቁት ጥርሶቿ በቀሉላት? ያ የሳሎናችሁ ግድግዳስ እንደምን ሰንብቷል? ምስማር በዝቶበት ታመመ ወይስ እንደ ቆመ ነው? ስለ ግድግዳው የምጠይቅህ ለቀልድ እንዳይመስልህ። የቤታችን ሀብት በፎቶ ሆኖ የሚኖረው እሱ ላይ ስለሆነ ጤንነቱ ያሳስበናል።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እማዬ ከጉልበቷ በቀር ደኅና ናት። ጉልበቷም ቢሆን ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮኑ ቀድሞ ስለሚናገር እንደ ጥቅም ቆጥረነዋል። ፍየሏ ደኅና ናት። ጎረቤታችን አጎት ስፓስ ደኅና ነው፤ ምላሱ ደግሞ ከእሱም ይበልጥ ደኅና ናት። ደኅና ያልሆነው የፖም ዛፋችን ብቻ ነው፤ ይህንንም ደብዳቤ በወረቀት የምጽፍልህ በእሱ ምክንያት ነው። በስልክ ብነግርህ አውራ ጣት ትልክልኛለህ። እኔ አሁን የምፈልገው የቀሩትን አራቱን ጣቶችህን ነው፤ እጀታ የሚጨብጡት እነሱ ናቸውና።

ካሜራውን ከምትኖርበት ከኮሎኝ ከተማ የላክህልኝ ጊዜ አብሮት ትእዛዝ ነበር። "ቬሴላ፣ በዓመት አራት ጊዜ፣ አባዬ ማጭዱን ይስልበት ከነበረው ድንጋይ አጠገብ ሆነሽ ዛፋችንንና ከኋላው ያለውን ተዳፋት አንሺልኝ። ወቅቱ ሲለዋወጥ እዚህ ሆኜ ልየው" አልከኝ። አንጀቴን በላኸው። የአገሩ ናፍቆት ቢጠናበት ነው ብዬ እማዬን አቅፌ አለቀስኩ። ለካ ለለቅሶው ቸኩዬ ነበር።

የመጀመሪያውን የአበባ ፎቶ ስልክልህ መልስህ ወዲያው ደረሰ። የመብራት ምሰሶው ዓይን ይወጋል አልክ። ያ የዛገ ትራክተር የማን ነው፣ ሊነሳ አይችልም ወይ አልክ። ከዛፉ ጀርባ ያለው ነጭ ነገርስ ምንድን ነው፣ ውበቱን አበላሸው አልክ። ትራክተሩ የአጎት ስፓስ ነው፤ እንዲያነሳው ብጠይቀው "ሞተር ከኮሎኝ ይላክልኝና አነሳዋለሁ" አለኝ። ነጩ ነገር ደግሞ ኮረብታችን ነው፣ ወንድም ጋሼ። በልጅነታችን በበረዶ የተንሸራተትንበት ኮረብታ ነው። አንተ ለመጨረሻ ጊዜ ከሄድክ በኋላ የድንጋይ መፍለጫ ካባ ሆነና ከዓመት ዓመት እየተበላ ነው። ለካ ቆዳው ሲገፈፍ እንዲህ ነጭ ኖሯል! አንተ ግን እንደ ተረቱ በሬ ሳሩን ብቻ ማየት አማረህ፤ ገደሉን ከፎቶው እንዳስወጣልህ አዘዝከኝ።

እኔም ታዛዥ ነኝና ሙያውን ተማርኩ። በሆድ ተኝቶ ካሜራውን ከሳሩ ሥር ወደ ላይ ሲያቀኑት ሳሩ ካባውን ይሸፍነዋል። ትንሽ ወደ ግራ ሲንፏቀቁ ግንዱ የመብራት ምሰሶውን ይውጠዋል። ዝቅ ያለው ቅርንጫፍ ደግሞ ትራክተሩን ያለብሰዋል። እንዲህ ሆኜ በእርጥብ ሣር ላይ ተዘርግቼ ሳለሁ አጎት ስፓስ አጥሩ ላይ ተደግፎ "ምን ጠፋሽ ልጄ፣ ጉትቻ ነው?" አለኝ። ፎቶ እያነሳሁ ነው አልኩት። "እኔ እኮ የምትሰግጂ መስሎኝ ነው። ለማን ነው ታዲያ?" አለ። ለኦግኒያን፣ ለኮሎኝ ነው ስለው ዱላውን ወደ ምዕራብ ቀስሮ "እንግዲያው ዙሪ፣ ኮሎኝ በዚያ በኩል ነው" ብሎኝ ሄደ።

እውነቱን ልናገርና ሙያውን ወደድኩት። የፖም እንቡጥ ሳይፈነዳ ሮዝ ሆኖ፣ ሲፈነዳ እንደሚነጣ ዕድሜዬን ሙሉ እያየሁት ኖሬ ልብ ያልኩት በካሜራው ነው። ሣሩ ሊታጨድ ሲቃረብ በነፋስ ሲተኛና ሲነሳ፣ በመከር ጠዋት ደግሞ አመዳዩ እያንዳንዱን ቅጠል በነጭ ክር ሲዘመዝመው፣ ለአንድ አፍታ ጉንጬን መሬት ላይ አድርጌ ካባውንም ምሰሶውንም አንተንም እረሳለሁ። ከዚያ ስነሳ ሁሉም ባለበት አለ፤ የሌለኸው አንተ ብቻ ነህ።

አሁን ወደ እማዬ ልምጣ። ባለፈው ዓመት በበጋው አጨዳ ጊዜ ደክሟት ዛፉ ሥር ተቀምጣ ነበር። ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ድርቆሹ ላይ ዘርግታ። ብርሃኑ በቅጠሉ መካከል ፊቷ ላይ ይወርድ ነበር። እስካሁን ካነሳኋቸው ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው። ላኩልህ። በድምፅ መልእክት መለስክልኝ፤ እኔም እማዬ ልጇን ትስማ ብዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ከፈትኩት። "በጣም ያምራል፣ ግን ሰው የሌለበት ይኖርሻል? ሰው ሲገባበት የተፈጥሮን ሰላም ይረብሻል" አልክ። እማዬ ባቄላ ትለቅም ነበር። አንገቷን ቀና አላደረገችም። ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ካሜራውን ባነሳሁ ቁጥር፣ ጓዳ ውስጥ ብትሆን እንኳ "ቆይ ልውጣ፣ ልውጣ፣ ሰላሙን እንዳልረብሽ" ትልና ዱላዋን ይዛ ከቤቱ ኋላ ትሄዳለች። ቀልድ ነው ብዬ ስቄ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ሳቄን ዋጥኩት።

ከዚያ በኋላ እዚያው ኮሎኝ ኤግዚቢሽን አደረግክ። "መንደሬ በአራቱ ወቅቶች" አልከው አሉ። ከፎቶዎቹ አጠገብ ቆመህ የተነሳኸውን ላክህልን፤ ጸጉርህ ሳስቷል፣ ኮትህ ግን ያምራል። አጎት ስፓስ መነጽሩን አድርጎ ካየው በኋላ "እኔ ትራክተሬን አላየሁትም፤ ይህ የእኛ መንደር አይደለም" ብሎ ፈረደ።

የዘንድሮው አበባ ታይቶ አይታወቅም፤ ያን ጊዜ የላክሁልህን አይተኸዋል። ያላየኸው ቀጥሎ የመጣውን ነው። በሦስተኛው ቀን ውርጭ ወረደና አበባው ሁሉ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ጠቁሮ ረገፈ። እሱን አላዘዝከኝምና አላነሳሁትም። ዛፉ ዓመቱን ሙሉ አንድ ፖም እንኳ አልያዘም።

በመከር ጊዜ ከምትኖርበት አገር ሁለት እንግዶች መጡ፤ ሽማግሌና ባለቤቱ፣ ጨዋ ሰዎች። ከኤግዚቢሽኑ የገዙትን የዛፋችን ፎቶ ያለበት ካርድ ይዘው በራችን ላይ ቆመው፣ በስልካቸው እያስተረጎሙ፣ ይህ ቦታ የት ነው ብለው አጎት ስፓስን ጠየቁት። "የቆማችሁበት ነው" አላቸው። ካርዱን አዩ፣ ካባውን አዩ፣ ምሰሶውን አዩ፣ የሚያሾፍባቸው መስሏቸው ተቀየሙ። እሱም የሰውዬውን ክንድ ይዞ ወደ አባዬ ድንጋይ ወሰደውና "በል እንደ ቬሴላ በሆድህ ተኛ" አለው። ሰውዬው ከነሙሉ ልብሱ ተኛ። ከዚያ "አሃ!" አለ። እኔ በሳቅ ልሞት ነበር።

ሳቄን የገደለችው ሴትዮዋ ናት። እማዬ የዋልኑት ፍሬ ቅርፊቱን እየሰበረች በሰሃን ስታቀርብላቸው ሴትዮዋ በደስታ ብዙ ተናገረችና ስልኩ በእኛው ቋንቋ፣ ጮክ ብሎ፣ ጥርት አድርጎ እንዲህ አለ፦ "ልጅዎ እንዴት ያለ ሰው ነው! በየወቅቱ ወደዚህ እየተመላለሰ፣ ብርሃኑን እየጠበቀ እዚህ ሣር ውስጥ እንደሚተኛ ነግሮናል።" ያ ስልክ ዳቦ በልልኝ ሲሉት ጫማ ነው የሚለው፤ ይህን ግን አንዲት ቃል አልሳተም። እማዬ ዋልኑቱን መስበሯን ቀጠለች። ማታ እራት ላይ ግን ማንኪያዋን አስቀምጣ "ቬሴላ፣ ኦግኒያን በየወቅቱ ሲመጣ የት ነው የሚያድረው?" አለችኝ። አንተ ከአባዬ ቀብር ወዲህ ደጃችንን አልረገጥክም። እሷው ራሷ መለሰች፦ "ሰላሙን እንዳልረብሽበት ብሎ ይሆናል ሳይነግረኝ የሚሄደው።"

እንግዲህ የገና ዋዜማ ደረሰ። ከአንተም ትእዛዝ ደረሰ። የመጥረቢያውን ሥርዓት አንሺልኝ፣ በረዶ ቢኖር ጥሩ ነው፣ እጅና መጥረቢያ ብቻ ይታይ፣ ፊት አይታይ አልክ። በረዶ አልነበረም፤ ጭቃ ነበር። ንፍሮውንም ባቄላውንም የወይን ቅጠል ጥቅሉንም፣ የጾሙን ማዕድ ሁሉ አቅርበን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ዛፉ ወጣን። አጎት ስፓስ ብቻውን ስለሚሆን ከእኛ ጋር ነበር።

ሥርዓቱን መቼም አልረሳኸውም። አባዬ መጥረቢያውን አንስቶ ፍሬ የነሳችውን ዛፍ "ታፈሪያለሽ ወይስ ልቁረጥሽ?" ሲላት፣ አንተ ግንዱን በሁለት እጅህ አቅፈህ "አባዬ አትቁረጣት፣ ለከርሞ ታፈራለች!" እያልክ የምርህን ታለቅስ ነበር። አባዬም ያነሳውን መጥረቢያ በቀስታ ያወርደዋል። ከቤቱ ሰው አንዱ ካልለመነላት የተነሳ መጥረቢያ ባዶውን አይወርድም፤ ሳይመታ ከወረደ ዛፊቱም ሰዎቹም ቀልደዋል ማለት ነው። አባዬ ካረፈ ወዲህ መጥረቢያውን የማነሳው እኔ ነኝ፣ የምትለምነው እማዬ ናት።

አነሳሁትና "ታፈሪያለሽ ወይስ ልቁረጥሽ?" አልኩ። እማዬ ዝም። አልሰማችም ብዬ ደገምኩ። ዝም። ሦስተኛውን ስል አጎት ስፓስ ተቁነጠነጠና "ቦዝሁራ፣ የልጅቷ ክንድ ሊገነጠል ነው፣ አንድ ቃል ተናገሪ እንጂ!" አላት። እማዬም በዱላዋ ላይ ተደግፋ "ባለቤቷ ይለምንላት። በየወቅቱ ይመጣል ተብሏል። ይኸው ብርዱ ገባ፣ ወቅቱ ነው፣ ይምጣና ይለምን" አለች።

አጎት ስፓስ እኔ ልለምን ብሎ አፉን ሲከፍት "አንተ በሰው ቤት ዛፍ ምን አገባህ? ደግሞስ ጥርስ የለህ፣ ፖሙን በምንህ ልትበላው ነው?" አለችው። "ራኪያ አድርጌ እጠጣዋለኋ!" አላት። አልሳቀችም። ያን ጊዜ የምሯን መሆኑ ገባው። ወደ ተዳፋቱ ዞረና እጁን አፉ ላይ አድርጎ "ኦግኒያን! ሣሩ ውስጥ ተኝተህ ከሆነ ውጣ!" ብሎ ጮኸ። ካባው ስምህን መለሰልን። አንተን ግን አልመለሰልንም።

እኔ እማዬን አየኋት፣ እሷ ዛፉን አየች። ክንዴ ዛለ። መታሁ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታሁት። ግን ከክንዴ ጋር የዓመታት ነገር አብሮ ወረደ መሰለኝ፣ ብረቱ እስከ ግማሹ ገባ። ልነቅለው ስል እማዬ እጄን ያዘችና "ተይው። የሚለምንላት ይነቅለዋል" አለች። ከዚያ ገብታ እንደ ደንቡ ለራቀው ሰው ሰሃን አስቀመጠች፣ ዳቦውን ስትቆርስም ያንተን ቁራሽ ሰሃኑ ላይ አኖረች። እንደ ሥርዓቱ ማዕዱን ሳናነሳ አደርን። ጠዋት ቁራሽህ ደርቆ ነበር። ለፍየሏ ሰጠናት።

ፎቶውን ከዚህ ጋር አድርጌልሃለሁ። የገና ዕለት ነው ያነሳሁት፣ ቆሜ። ካባው አለ። ምሰሶው አለ። የአጎት ስፓስ ትራክተርም አለ፤ ራሱም ቁልፉን ይዞ መቀመጫው ላይ ወጥቷል፣ ከለከልኩት እምቢ አለኝ። መካከል ላይ ዛፉ ከነመጥረቢያው አለ። እማዬ ደግሞ ከዛፉ ሥር ናት። "ልውጣ" ስትል "የትም አትሄጂም" አልኳት። ሻሿን አስተካከለችና ቀጥ ብላ ካሜራውን አየችው። አንተን ነው ያየችህ።

ከእንግዲህ አላነሳም። ካሜራው አባዬ ባርኔጣውን ይሰቅልበት በነበረው ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። በመጋቢት ውሃው ከሥሯ ወደ ግንዷ ይወጣል። ብረቱ ከዚያ በፊት ከተነቀለ ቁስሏን አባዬ ያደርግ እንደነበረው በጭቃና በጨርቅ እናስርላታለን፣ ትድናለች። ካልተነቀለ ትደርቃለች፣ የፀደዩም ፎቶ ቀረብህ ማለት ነው። እማዬን ለመንኳት፤ አትሰማኝም። እኔ ደግሞ ከዛፍ ላይ ብረት እነቅላለሁ እንጂ ከእናቴ አፍ የወጣ ቃል አልነቅልም።

ሚላዬን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ፤ ፖም ከሱቅ ብቻ የሚመጣ እንዳይመስላት ንገራት። ኡርሱላን እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። አጎት ስፓስ ሰላም ብሎሃል፤ ሞተሩን እንዳትረሳም ብሏል። ፍየሏ ስለ ዳቦው ታመሰግናለች። ግድግዳህንም ሰላም በልልኝ። ይህንን ፎቶ ከሌሎቹ መካከል ስቀለው። እንግዶችህ መጥተው ይህች አሮጊት ማን ናት ብለው ቢጠይቁህ፣ የተፈጥሮን ሰላም የምትረብሸው ናት በላቸው።

እማዬ ግን ሰላም በይው አላለችኝም። ሰላምታዋን ለምትመጣበት ቀን አስቀምጣዋለች።

እኅትህ ቬሴላ

ስታራ ያበልካ መንደር፣ ሮዶፒ ተራራ
ዲሴምበር 27 ቀን 2018