ሦስት የተበጠሱ ብሎኖችና የአያቴ ልብ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ዴዝሞንድ ትረስኮት፣ የኩርንጋ የመንገደኞች ማረፊያ ሜዳ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ የሣሩ ጠባቂና የመታጠቢያ ቤቱ ቁልፍ ባለአደራ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለከበረ ጤንነትዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ትናንት ከሰዓት በኋላ በብረት ቱቦው ላይ የዘለሉበት ቀኝ እግርዎ በመልካም ሁኔታ ላይ እንዲገኝ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ከአንድ ጎማችን በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ስሜ ብሪዮኒ ሃስለም ይባላል፤ ዕድሜዬ አሥራ አምስት ነው። አድራሻዬ ከስንዴ ጎተራው ፊት ለፊት፣ ከባሕር ዛፉ ሥር የቆመው ሰማያዊ አሮጌ አውቶቡስ ነው። ከእናቴ ከሮዌናና ከአባቴ ከግሌን ጋር የምኖረው እዚያ ውስጥ ነው። በዚህ ሜዳ ካራቫን የሚባለውን ተጎታች ቤት እየጎተቱ ብርዱን ሊሸሹ ከሚመጡት የተከበሩ ጡረተኞች የምንለየው፣ እነሱ ሲበቃቸው የሚመለሱበት ቤት ስላላቸው፣ እኛ ግን ቤታችንን ራሱን እየነዳን ስለምንዞር ነው። ዓመቱን ሙሉ ከዘመድ ግቢ ወደ ዘመድ ግቢ እንሄዳለን። የአክስቴ ልጅ ስትወልድ እንደርሳለን፤ አጎቴ ጣራ ሲቀይር አባቴ መሰላል ይይዛል፤ ከዚያ ሳንሰለቻቸው ሞተር አስነሥተን ውልቅ ነው። እናቴ «ዘመድ የሚፋቀረው ጎማ ሲኖረው ነው» ትላለች። ትናንት በእርስዎ አማካይነት አንዱን ስላጣን ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ቅሬታዬን ከመዘርዘሬ በፊት ግን እርስዎም ሆኑ በዚህ ሜዳ ያሉት ሁሉ የማታውቁትን አንድ ነገር ልግለጽ። የአባቴ እናት፣ አያቴ ኮራል፣ ከዚህ የአምስት ሰዓት መንገድ ርቃ ባሕሩ ዳር ብቻዋን ትኖራለች። ልቧ ደክሟል። ዓርብ ጠዋት አዴላይድ ሆስፒታል ገብታ ቀዶ ጥገና ሊደረግላት ቀጠሮ ተይዟል፤ ከእሷ ቤት እስከ አዴላይድ ደግሞ ሌላ የሙሉ ቀን መንገድ ነው። ቀጠሮው ካለፈ ቀጣዩ ወረፋ ከክረምቱ ወዲያ ነው። ሐኪሟ ለአባቴ በስልክ «እስከዚያ ትቆያለች ብዬ ቃል ልገባልህ አልችልም» ብሎታል። የሕመምተኛ አውሮፕላን እንላክ ሲሏት አያቴ ምን አለች? «እኔ በእግሬ እየሄድኩ የታመመ ሰው ቦታ አልይዝም። ልጄ ይመጣና ይወስደኛል። ካልመጣም ቤቴ አለሁ፣ ዶሮዎቼም አሉ፤ እናንተ አትጨነቁ።» ያላት ልጅ አባቴ ብቻ አይደለም፤ ሌላዋ ግን ኒውዚላንድ ናት። ዛሬ ረቡዕ ነው። ዛሬ ከዚህ ካልተነሣን አናደርሳትም።

ይህን ከያዙልኝ፣ በታላቅ ትሕትና ወደ ቅሬታዎቼ እገባለሁ።

አንደኛ። ስለሚያስከብሩት ደንብ። «በሣሩ ላይ ማናቸውንም ዓይነት የተሽከርካሪ ጥገና ማካሄድ ክልክል ነው» የሚለው ደንብ ጥበብ የተሞላበት መሆኑን እመሰክራለሁ። ሣር የተባለውን ነገር በዐይኔ ፈልጌ አቧራና የጉንዳን ጉድጓድ ብቻ ማግኘቴ የእኔ የዐይን ችግር ይሆናል። አባቴ የፊት ግራ ጎማው ሲንጫጫ ሰምቶ ትናንት አውቶቡሱን በክሪክ ሲያነሣ፣ መለዋወጫው ኩሽኔታ ከግራሶው ጋር በሣጥኑ ውስጥ ነበረው። የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነበር። እርስዎ በዚያች ትንሽ የጎልፍ መኪናዎ ደርሰው «ወዳጄ፣ ደንቡን አላነበብክም?» ባሉት ጊዜ አባቴ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠይቋል፤ መሣሪያውንም መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ደንብዎን በዚያች ሰዓት አክብረው ቢያስከብሩ ኖሮ፣ አቶ ትረስኮት፣ ወደ መንገዱ ዳር ወጥተን ጨርሰን፣ ይሄኔ አያቴ ቤት ሾርባ እየጠጣን ነበር። ምስጋናዬን እዚህ ላይ ለማስቀመጥ የተቸገርኩትም ስላላከበሩት ነው።

ሁለተኛ። በዚህ አገር ወንድ ልጅ ክሪክ ላይ የቆመ መኪና አይቶ ማለፍ እንደማይችል ዕድሜ ልኬን የማውቀው ነገር ነው። አጎቶቼም እንደዚያው ናቸው። በመጀመሪያ እጅ ወገብ ላይ ይደረጋል፤ ከዚያ ጎማው በእግር አንድ ጊዜ ይመታል፤ ከዚያ «ምኑን ነው?» ይባላል። እርስዎም ሥርዓቱን አንድም ሳያጓድሉ ፈጽመው ሲያበቁ መፍቻውን ከአባቴ እጅ ተቀበሉ። አባቴም በሚያምር አነጋገሩ «አቶ ትረስኮት፣ ይህ የድሮ የእንግሊዝ አውቶቡስ ስለሆነ በግራ በኩል ያለው ዳዶ የሚፈታው በተቃራኒው ነው» አለዎት። እርስዎ ምን ብለው መለሱ?

«ልጄ፣ አንተ ሳትወለድ እኔ ዳዶ ስፈታ ነበር።»

አባቴ ሁለተኛ ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ እርስዎ የመፍቻውን እጀታ በረጅም ቱቦ አስረዝመው ቱቦው ላይ ወጡ። እናቴ ከአውቶቡሱ በር ላይ «ኧረ በሌላው በኩል ነው!» ብላ ጮኸች። «እመቤቴ፣ ትንሽ ጉልበት ብቻ ነው የሚፈልገው» አሏት። ከዚያ ዘለሉ። ጧ! አንዱ ብሎን ከነዳዶው ተበጠሰ። የተበጠሰ ብሎን ለሌላ ሰው ትምህርት በሆነው ነበር፤ እርስዎ ግን «አያችሁ፣ ለቀቀ» ብለው ወደ ሁለተኛው ተሸጋገሩ። ጧ! ሦስተኛው ላይ እኔም ጮኼ ነበር፤ ግን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ድምፅ እዚያ ቱቦ ላይ ከወጣ ሰው ጆሮ አይደርስም። ጧ! እርስዎ ከአባቴ መወለድ በፊት ዳዶ ይፈቱ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ትናንት ግን እያጠበቁ ነበር።

ከዚያ ወረዱ። ብሎኖቹን አዩ። ሰማዩን አዩ። «ይሄ ብረት አርጅቷል» አሉ።

ሦስተኛ። ከዚህ በኋላ ያደረጉትን እንዳስታውስዎ ይፍቀዱልኝ፤ ምናልባት በሥራ ብዛት ተዘንግቶ ይሆናል። ወደ ቢሮዎ ተመልሰው፣ ሻይ ለመጠጣት የሚበቃ ጊዜ ቆይተው፣ በላስቲክ የተሸፈነ ማስታወቂያ ይዘው መጡና መስኮታችን ላይ ለጠፉ። «በጥገና ላይ የሚገኝ ተሽከርካሪ እስከ ነገ ምሽት ሜዳውን ለቅቆ እንዲወጣ» ይላል። ጎማውን አስረው፣ መልሰው «ሂድ» ማለት በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ለመረዳት ትንሽ ይከብዳል። ብሎኖቹ ከአዴላይድ በጭነት መኪና የሚደርሱት ዓርብ ነው። በቀሩት ብሎኖች እንንዳ እንዳንል አባቴም እናቴም ሕጉም እምቢ ብለዋል። ታዲያ አውቶቡሱን በጀርባችን እንድንሸከመው ከሆነ ትእዛዙ፣ እናቴን ከኋላ እኔን ከፊት ያድርጉን፤ አባቴ «አያስቡ፣ አቶ ትረስኮት፣ ይስተካከላል» እያለ ከጎን ይሄዳል።

አዎን፣ ያለዎት ይህንኑ ነው። ሦስት ብሎን በጥሰውበት፣ «አያስቡ፣ ይስተካከላል» አለዎት።

አራተኛ። ማታ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ታጣፊ ወንበሩንና ቢራውን ይዞ ወጥቶ ክብ የሚሠራበት የሜዳው ልማድ ትናንት ወደ እኛ አውቶቡስ ፊት ተዛውሮ ነበር። ለዚህ ክብር እናመሰግናለን። አቶ ኬልቪን ብሎኑን በእሳት እናግለው አሉ። ጎረቤታቸው አቶ ባዝ «አግለህ ምን ልታደርገው፣ ልትጠብሰው ነው? በረዶ ነው እንጂ የሚያስፈልገው!» አሏቸው። «አንተ የራስህን የውሃ ቧንቧ መቼ ሠራህ?» «የእኔ ቧንቧ ምን አለው?» «እንዲያ እያፈሰሰ ጎረቤትህ ሁሉ ካልሲ ያጥብበታል!» ሳቅ ሆነ። ወይዘሮ ሜርል የዱባ ብስኩት አመጡ፤ ግሩም ነበር። እርስዎም ወንበርዎን ይዘው መጥተው በመካከላቸው ተቀምጠው «አሮጌ አውቶቡስ ላይ የሚኖር ሰው ምን ይጠብቃል» ሲሉ ሰምቻለሁ። አባቴም አብሮዎት ሳቀ። እኔ ግን እጁን እያየሁ ነበር። ቢራውን አልነካም፤ ስልኩን በኪሱ ውስጥ እንደያዘ ነበር። አያቴ በደወለች ጊዜ ከአውቶቡሱ ጀርባ ሄዶ «እየመጣን ነው እማዬ፣ ትንሽ ጎማ ነገር ነው» ሲላት ሰማሁ። ተመልሶም ተቀመጠ፤ ከዚያ ሁሉ ወንበር ለአንዱም «እናቴ ታማለች» አላለም።

ለምን አልነገርካቸውም ብዬ ብጠይቀው፣ «የሰው ጉዞ አናበላሽም፣ ብሪ» አለኝ።

አምስተኛው ቅሬታዬ ስለዚህ በእርስዎ ላይ ብቻ አይደለም፤ በትልልቆቻችን ሁሉ ላይ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ «ትልቅ ሰው ስትሆኚ ይገባሻል» ስባል ኖሬአለሁ። እስካሁን የገባኝ ይህ ነው። አንድ ትልቅ ሰው «ሰበርኩት፣ ይቅርታ» የሚሉ ሁለት ቃላት ከአፉ ከሚወጡ ሌላ ማስታወቂያ ቢለጥፍ ይመርጣል። ሌላው ትልቅ ሰው «መኪናህን አውሰኝ» ከሚል እናቱን ቢያጣ ይመርጣል። ሦስተኛዋ ደግሞ አውሮፕላን ልታስቸግር ስለማትፈልግ ልቧን ታስቸግራለች። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል አሉ፤ የነቀዘው ሌላ ነገር ስለሆነ ነው እኔ ዝም ማለት ያልቻልኩት።

ስለዚህ ሁለቱም ያልተነገሩት ነገሮች እንዳይጠፉ እኔ በእናንተ ፈንታ እናገራቸዋለሁ፤ ልጅ ስለሆንኩ አያስነውረኝም። በእርስዎ ስም፦ «ግሌን፣ ሰበርኩት፣ ይቅርታ።» በአባቴ ስም፦ «አቶ ትረስኮት፣ እናቴ ልትሞትብኝ ነው፤ መኪናዎን ያውሱኝ።» ይኸው፣ አለቀ። ማንም አልሞተም፤ እስካሁን።

መኪናዎን ስል የጎልፏን ማለቴ አይደለም። ከመጋዘኑ ጀርባ በሸራ ተሸፍና የምትኖረውን ትልቋን ነጭ መኪና ነው፤ ፊቷ ላይ የካንጋሮ መከላከያ ብረት የታሰረባትን። ሸራው በነፋስ ሲነሣ አይቻታለሁ። አንድም ጭረት የለባትም፤ ያ ሁሉ ብረት እስከ ዛሬ ከካንጋሮ ጋር ተያይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ካንጋሮዎቹ የሚወጡት ልክ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ አባቴም መንገድ ላይ የሚሆነው ያኔ ነው። መኪናዋ የተሠራችበትን ሥራ አንድ ቀን እንድታይ ዕድል ቢሰጧት ምን ይመስልዎታል? እኔና እናቴ አውቶቡሱን፣ ሣሩንና ማስታወቂያዎን እየጠበቅን ዓርብ ብሎኖቹ እስኪመጡ እንቆያለን። ካመኑን መያዣ ነን፤ ካላመኑን ከአባቴ ጎን ተቀምጠው አብረውት ይሂዱ። አሥር ሰዓት ቢያወሩ ሁለታችሁም ስለ ስሜታችሁ አንዲት ቃል እንደማትተነፍሱ ስለማውቅ፣ ጉዞው ለማንም አያስፈራም።

ይህን ደብዳቤ በመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ የምለጥፈው ሁሉም ሰው ከምሳ በኋላ በተኛበት ሰዓት ነው። እርስዎ በዘጠኝ ሰዓት ሜዳውን ሲዞሩ ከሁሉም ቀድመው ያነቡታል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግን ወንበር የያዘ ሁሉ በዚህ በር በኩል ያልፋል። አባቴ ይህን ደብዳቤ አያውቅም፤ ሲያውቅ ምን እንደሚለኝ እኔ አውቃለሁ፤ ለዚያ ተዘጋጅቻለሁ።

በሚገባዎት ክብር ሁሉ፣ ከእርስዎ በፊት ዳዶ ፈትቼ የማላውቅ፣ ከእርስዎ በኋላም የመፍታት ዕድል ያላገኘሁ፣ የሜዳዎ ጊዜያዊና ያለ ፈቃዷ ቋሚ እየሆነች ያለች እንግዳ፣

ብሪዮኒ ሃስለም

ማሳሰቢያ፦ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት መጥተው የአውቶቡሳችንን በር ካንኳኩ፣ ሐሳቡ የራስዎ ነበር ብዬ ለአባቴ እምላለሁ፤ ይህንንም ወረቀት ቀድጄ እጥለዋለሁ። ካልመጡ አቶ ኬልቪንም፣ አቶ ባዝም፣ ወይዘሮ ሜርልም አንብበው የመኪናቸውን ቁልፍ ይዘው እንደሚመጡ አልጠራጠርም፤ ያኔ በዚህ ሜዳ ከሸራ ሥር የቀረችው መኪና የማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። በራችንን ለማግኘት አይቸገሩም። ትናንት ትተውን ከሄዱበት ቦታ ንቅንቅ አላልንም።