በቀዶ ጥገናዬ ማለዳ የጠጣኋት ጠበል

አትጠገቤ፣ የኔ ዓለም፣

ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት ወጣ። ፍኖተ ሰላም ያለው ቤታችን እንዳለ ነው፤ ጌሾሽን የእህቴ ልጅ ሙሉ ትኮተኩትልሻለች። እኔ ግን ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ተደርጌ፣ አልጋዬ ሳሎን ወጥቶልኝ፣ ደጅ ለመውጣት እንኳ ሰው እየጠራሁ ነው የምኖረው።

ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ፣ ቡሬ ላይ ወደ መቃብርሽ የሚወስደውን መገንጠያ በሚኒባሱ መስኮት አየሁት። ያን ቁልቁለት መውረድ ካቃተኝ ዓመት አለፈኝ። የታከምሁትም ለሱ ነው፤ ለሙት ዓመትሽ በእግሬ ልደርስ።

በቀጠሮዬ ቀን ከማለዳ ጀምሮ እህልም ውኃም እንዳልቀምስ ሐኪሞቹ አስጠነቀቁኝ። ታዘዝሁ። ግን ሳትታመሚ ለጉልበቴ ብለሽ ያመጣሽልኝ ጠበል በትንሿ ጠርሙስ ተርፎ ነበር። ጠበል ከእህል ውኃ ይቆጠራል ብዬ አላሰብሁም። ስምሽን ጠርቼ ጠጣሁ። ማደንዘዣ የምትሰጠው ልጅ የቀመስሁት ነገር እንዳለ ስትጠይቀኝ ደግሞ በኩራት ነገርኋት። ከጠረጴዛው አወረዱኝ፤ ተራዬም ለማግስቱ ተላለፈ። ሙሉ ተቆጣችኝ። አንቺ ብትኖሪ በሳቅ ትሞቺ ነበር ልል ነበር፤ ተውሁት።

በማግስቱ ወገቤን ወጉኝና ከወገቤ በታች ያለው የኔ መሆኑ ቀረ። አንድ እግር ሲያነሱ አይቼ የማን ነው ልል ምንም አልቀረኝም። ደረቴ ላይ ከጋረዱት መጋረጃ ማዶ መዶሻ ሲመታ እሰማለሁ፤ አናጢ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ልቀልድ አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ሰው ሳስቅ የኖርሁት ሰውዬ፣ ክንዶቼ ግራና ቀኝ ታስረው እንባዬን የምጠርግበት እጅ አጣሁ። ያኔ «የኔ ዓለም» ብዬ አንቺን ጠራሁ። የማደንዘዣዋ ልጅ እሷን የጠራሁ መስሏት «አለሁ አባባ» ብላ ዓይኔን በፋሻ ጠረገችልኝ።

ሙት ዓመትሽ የፊታችን እሑድ ነው። ሐኪሙን ለመንሁት፤ ሜዳውን በምርኩዝ፣ ቁልቁለቱን ግን ገና ነው አለኝ። ጧፉን ሙሉ ታደርስልሻለች። እኔ ወንበር ደጅ አስወጥቼ ፊቴን ወደ ቡሬ አዞራለሁ። ሌላ የምችለው የለም።

ከጠበሉ አንድ ጉንጭ ቀርታለች። ሙሉ ጠጣት ትለኛለች፤ አልጠጣትም። መቃብርሽ አጠገብ ተቀምጬ እስክጠጣት ድረስ ራስጌዬ ትቆያለች። ጠርሙሷን ባየሁ ቁጥር፣ አነካከሴን እያስመሰልሽ በደጁ ስትገቢ ይታየኛል።

ያው አንካሳሽ