“ሕመም” የሚለው ቃል ስለተከለከለበት የማሳጅ ክፍል

ለተከበሩ የሆቴሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? አንገትዎስ ተሻለዎት? በሆቴልዎ የበረዶ ገንዳ ውስጥ ሆነው ለማስታወቂያ ፎቶ ከተነሱበት ዕለት ጀምሮ ወደ ግራ መዞር እንዳቃተዎት ሰምቼ እንደ ጎረቤት አዝኛለሁ። እኔ ከሆቴልዎ ፊት ለፊት ፎጣና ሳሙና የምሸጥ ነጋዴ ነኝ፤ በማሳጅ ክፍልዎ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለችው ሴት ደግሞ ታላቅ እህቴ ናት። የዕለት ውሎዬን በደብተር የመጻፍ ልማድ ስላለኝ፣ ምስጋናዬን ከዚያው እየገለበጥኩ አቀርባለሁ።

፩. ክፍሉን “የውስጥ ሰላም ማዕከል” ብለው ስለሰየሙልን እናመሰግናለን። የሚያፈሰው ቧንቧ ግን የስም ለውጡን ገና የሰማ አይመስልም።

፪. እህቴ እጇን ከማሳረፏ በፊት “የት ጋ ነው የሚያምዎት?” ብላ የመጠየቅ ክፉ አመል ነበረባት። ሕመም የሚለው ቃል የእንግዳን መንፈስ ያውካል ብለው ከልክለው፣ በምትኩ አርባ ጥያቄ የያዘ ታብሌት ስላቀረቡ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ባለፈው ሳምንት ወገቡ የተያዘ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር መጥቶ፣ የሚወደውን ቀለምና የልጅነት ሕልሙን ሲሞላ ከቆየ በኋላ፣ ስለ ወገቡ የሚጠይቀው ስላጣ ፊቱ ላይ ኪያር ተደርድሮለት ተሸኝቷል። መኪናው ላይ የወጣው በሁለት ጥበቃዎችዎ ድጋፍ ነው።

፫. እህቴ ይህንኑ ሹፌር በር ላይ “ወንድሜ፣ የት ጋ ነው?” በማለቷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷታል፤ ከደገመች ትሰናበታለች። እስከዚያው እጇ ይረፍ ብለው በር ላይ ቆማ እንግዳ በገባ ቁጥር ደወል እንድትመታ መድበዋታል። ሦስት ልጆች ያሳደገ እጅ ሲያርፍ ማየት ደስ ይላል። እሷ ግን ውለታ አታውቅምና፣ ትናንት በምሳ ሰዓት ሱቄ መጥታ የፎጣ ክምር ስታሽ አገኘኋት።

፬. አራተኛም ነበረኝ፤ ግን ደንበኛ መጣብኝ።

በአፍንጫዬ እያስገባሁ በአፌ እያስወጣሁ፣ በማዕከልዎ በር ላይ እንደለጠፉት የአተነፋፈስ መመሪያ በተመጠነ ትንፋሽ፣

አክባሪዎ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፎጣ ነጋዴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እህቴ ሁለተኛውን ደብዳቤ መጻፍ እንዳያደክምዎ ብላ መልቀቂያዋን ዛሬ ራሷ አስገብታለች። ከሰኞ ጀምሮ ከሱቄ ጓዳ ትሠራለች። የመጀመሪያው ቀጠሮ የሹፌሩ ነው፤ ሁለተኛውን የያዙልዎት ባለቤትዎ ናቸው። እሳቸው ለማንም እንዳልናገር አደራ ስላሉኝ፣ ይኸው ለእርስዎ ብቻ ጻፍኩ። የት ጋ እንደሚያምዎት ስትጠይቅዎ ግን አይደንግጡ፤ እኛ ዘንድ ቃሉ አልተከለከለም።