ለሦስት ጣት የተሠራ እጀታ

ይድረስ ለአባቴ፣ ሐርቡ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አባ፣ እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? መስጊድ ሲወጡ ዳገቱ አላስቸገረዎትም ወይ? ያ ቀኝ እጅዎስ? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጎሮ ሁልጊዜ ቤት ይሠራል፣ ቤት ከተሠራ በር ይፈለጋል፤ ስለዚህ እኛ አናጢዎቹ ሥራ አላጣንም።

ይህን በስልክ ልነግርዎ አስቤ ነበር። ግን ነገሩ ካልጣመዎት «በል ተወው» ብለው እንደሚዘጉብኝ አውቃለሁ። ደብዳቤ አይዘጋም። ሀጀር ታነብልዎታለች። አንቺም እህቴ፣ ስምሽ የተነሳበት ቦታ ስትደርሺ ዘለሽ እንዳታልፊ።

ያለፈው አረፋ በጉ ተጋድሞ ሳለ ቢላው እጅዎ ውስጥ ሲዞርብዎ አጠገብዎ ነበርኩ። ለጎረቤታችን ለሼህ ሐሩን ሰጧቸው፤ እሳቸው አረዱልን። የቤታችንን በግ ሌላ ሰው ሲያርድ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ስሰናበትዎ ቢላውን በጨርቅ ጠቅልለው «እጄ አልቋል፤ ወስደህ ሽንኩርት ክተፍበት» አሉኝ። ያቺ ንግግር እስከ ላምበረት መናኸሪያ ድረስ አብራኝ መጣች።

አልከተፍኩበትም። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ብረት ለሽንኩርት አይገባውም። ዝገቱን በነጭ ጋዝ አርሼ በብርጭቆ ወረቀት ሳሸው፣ የቀንድ እጀታው ከውስጥ ተሰንጥቆ፣ ችንካሩም ላልቶ አገኘሁት። ጥፋቱ የእጀታው እንጂ የእጅዎ አይደለም ብዬ ደስ አለኝ። ከወይራ አዲስ ጠረብኩለት፤ ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባሁት፤ መስታወት መሰለ። እዚህ ሰፈር ሥጋ ቤት ላላቸው ለጋሽ ኑሪ በኩራት ባሳያቸው፣ እጃቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ያዙትና ሙልጭ ብሎ ወደቀ። «ቡፌ ላይ አስቀምጠው» ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ የለመድኩት የበር እጀታ ነው። የበር እጀታ የመጣ ሁሉ ይይዘዋል፤ ይህ ግን የሚጠብቀው የአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው።

የሀጀር ጉድ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። መጋቢት ላይ «ሐኪም ያዘዘው ነው፣ ይጨብጡት» ብላ እርጥብ ጭቃ አስይዛዎት አልነበር? ሐኪም አላዘዘም፤ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ጭቃው ሲደርቅ በአውቶቡስ ላከችልኝ። አፉ ይበሉን አባ።

ጭቃውን ሳየው ደስታዬ ቀነሰ። አውራ ጣትዎ፣ ጠቋሚዎና የመሃል ጣትዎ ጠልቀው ገብተዋል። የቀለበት ጣትዎና ትንሿ ግን ነካ አድርገውት ብቻ ነው ያለፉት። የእጀታው ጥፋት ብቻ አልነበረም፤ ሕመምዎን ደብቀውን ኖረዋል። በጣም አዘንኩ፤ መጋዜን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። ቆይቼ ሳየው ግን ሦስቱ ጣቶች የገቡበት ጥልቀት «እጄ አልቋል» የሚል ሰው አጨባበጥ አይመስልም። ስለዚህ ለሦስቱ ቦታ ቦታቸውን ቀርጬ፣ ከኋላ ለሁለቱ ማረፊያ ወፈር አድርጌ ዳግመኛ ሠራሁት። ቫርኒሽ የለውም፤ በኑግ ዘይት ብቻ አሸሁት። ጋሽ ኑሪ ያዝ አደረጉት፣ አገላበጡት፣ አልተመቻቸውም። «ይሄ የእኔ እጅ አይደለም» ብለው መለሱልኝ። እንደተሳካልኝ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ቢላውን ይህን ደብዳቤ የያዘው ሹፌሩ ሚስባህ ያደርስልዎታል። እባክዎ እጅዎን አርጥበው ይሞክሩት። አልሆነም ካሉ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ቅር አይለኝም። ከሆነ ግን ለአረፋ እመጣለሁ፤ በጉን እኔ እይዛለሁ፣ ቢስሚላህ የሚሉት እርስዎ ነዎት።

እማዬን እጇን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። እህቴን ሱሀይላን ከነልጆቿ ሰላም ይበሉልኝ። ሼህ ሐሩንንም እንደዚሁ፤ ዘንድሮ ግን ለምሳ ብቻ ይምጡ። ሀጀርን አይቆጧት። ጭቃው እኔው ዘንድ ነው፤ ሥራ ቦታዬ ላይ ተቀምጧል። ሲናፍቁኝ ጣቶቼን አስገባበታለሁ፤ ልክ ይሆነኛል።

ልጅዎ ኢሳ
ጎሮ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.