የሊያ የመጨረሻ ውድድር

እሑድ፣ የካቲት 5 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ጅግጅጋ

ኖርዌይ ያለችውን የእህቴን ልጅ የሊያን የበረዶ ላይ ሸርተቴ ውድድር ከኅዳር ጀምሮ በስልክ ስከታተል ከረምኩ። ዛሬ የመጨረሻው ነበር። ጎረቤቴ ሆዳን አጠገቤ ቁጭ ብላ ዱአ ታደርጋለች።

ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚሮጡት። ሊያ አብራት የሮጠችውን ቀድማ ገባች። ሆዳን ሐልዋ ልታመጣ ብድግ አለች። አሸናፊዋ የምትለየው የሁሉም ሰዓት ተወዳድሮ እንደሆነ ስንቴ ነገርኳት።

"አጠገቧ ያለችውን ከቀደመች ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?" አለችኝ።

በሰዓት ሊያ አሥራ አንደኛ ናት። ለብሔራዊ ቡድኑ የሚመረጡት ስምንት ብቻ ናቸው።

ሐልዋው ሳይቆረስ ሊያ ደወለች። እያለቀሰች፣ "አክስቴ፣ አየሽኝ?" አለች። አፌን ስከፍት ሆዳን ከኋላዬ እልልታዋን አቀለጠችው።

ሊያ ለቅሶዋን አቆመች።

"እልልታው ለማን ነው?" አለችኝ።