ከሰማያዊው መጽሐፍ ያገኘሁት አያት

ጥቅምት 5
ቦሌ ያለው ሕንፃ ሊፍት ዛሬም አራተኛ ፎቅ ላይ ቆመ። ችግሩ በሩ ነው፣ ሞተሩ አይደለም። ብያቸው ነበር... ማን ይሰማል። ስጨርስ እጄን በወጉ ሳልታጠብ ለገሃር ወርጄ አሮጌ መጻሕፍት ሻጮቹ ጋ ሄድኩ።

የኔዓለም "ኅዳር ላይ ሽማግሌ ላክ" ካለችኝ ሳምንት ሆነ። አባቷ ጋሽ አገኘሁ የጎጃም፣ የሉማሜ ገበሬ ናቸው። ወግ ላይ ቀልድ አያውቁም አሉ። እኔስ? በአባቴ ጎጃሜ ነኝ። እሱ ግን በአምስት ዓመቴ ሞተ፤ እናቴ የናዝሬት ልጅ ናት። ዓባይን ተሻግሬ አላውቅም። ስለ ጎጃም የማውቀው ማሩን ነው።

ታዲያ ምን አለበት? ማኑዋል ሳላነብ ማሽን ነክቼ አላውቅም። አገርም የሚነበብ ነገር አያጣም። አንድ ወፍራም የመኳንንት ታሪክ ገዛሁ። ስለ ሠርግና ለቅሶ ወግ አንድ ጡረተኛ መምህር የጻፉትን ገዛሁ። ስለ አድባራትና ገዳማት የሚናገርም አለ። አራተኛው ስስ ሰማያዊ መጽሐፍ ነው፤ አንድ ሰውዬ የቤተሰቡን የትውልድ ሐረግ በራሱ ወጪ ያሳተመው። እሱን ሻጩ መረቀልኝ።

ጥቅምት 11
ወፍራሙን ጨረስኩ። የኔዓለም "ለፈተና ነው እንዴ የምታጠናው?" ብላ ሳቀችብኝ። አዎ፣ ለፈተና ነው።

የመምህሩ መጽሐፍ ግን ወርቅ ነው። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም። ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ከሰባት ቤት በታች የሚገናኙ ሰዎች ዘመድ ናቸው፣ አይጋቡም። ሁሉንም አሰመርኩበት።

ግን እኔ ስንት ቤት እቆጥራለሁ? እንዳላማው፣ ባምላኩ፣ የሺዋስ፣ ዓባይ... አለቀ። እናቴን ጠየቅኋት። አባቴ ስለ አገሩ ሲነሳ ዝም ይል እንደነበር ነገረችኝ። እህቱ እትዬ የብርጓል መርጡለ ማርያም አለች፣ እሷን ጠይቅ አለችኝ። በልጅነቴ አንዴ ያየኋትን አክስት አሁን በምን አፌ?

ጥቅምት 19
አገኘሁት። ሰማያዊው መጽሐፍ ውስጥ። "የሺዋስ ዓባይ" ይላል፣ ቁልጭ ብሎ። ከእኔ ሽቅብ ስቆጥር አምስተኛው ላይ ማን ተቀምጧል? ፊታውራሪ አካለ ወልድ። ባለ ርስት፣ ባለ በቅሎ።

የይጁቤ ሰዎች ናቸው ይላል። የአባቴ አገር ደግሞ መርጡለ ማርያም ነው። ምን ችግር አለው... ሰው ከቦታ ቦታ ይሄዳል።

የኔዓለም "ጎጃም ውስጥ ስንት የሺዋስ ያለ ይመስልሃል?" አለችኝ። ስንት የሺዋስ ዓባይስ አለ አልኳት። የአያቴን የፊታውራሪውን ስም ግን አልነገርኳትም፤ ከአባቷ አፍ ትስማው። ማታ መስታወት ፊት ቆሜ አፍንጫዬን በጎን አየሁት። የፊታውራሪ አፍንጫ ነው።

ኅዳር 3
ሽማግሌዎቼ ሦስት ናቸው። ዋናው ተናጋሪ የክፍላችን ኃላፊ ጋሽ እንዳለ ናቸው። ቆጠራውን ደጋግሜ አስጠናኋቸው። "አንተ ልጅ፣ የምትልከው ሽማግሌ ነው ወይስ ካሴት?" አሉኝ። ግን አጠኑት።

ኅዳር 7፣ እሑድ፣ ሉማሜ
መንገድ ዳር ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ሽማግሌዎቹ ጋሽ አገኘሁ ቤት ገብተዋል። አግቢው አብሮ አይሄድም፤ ወጉ ነው። ከዓባይ በረሃ ሙቀት ወጥተን ደጀን ላይ ብርዱ ተቀበለን። ሁሉም እንደ መጽሐፉ ነው። ምንም አልገረመኝም። እሺ፣ ገደሉ ትንሽ ገርሞኛል።

ሲመሽ
ምኑን ልጻፈው...

ቆመው ጉዳዩን ተናገሩ፣ ተቀመጡ ተባሉ። ጋሽ አገኘሁ ዘሩን ቁጠሩልኝ አሉ። ጋሽ እንዳለ ቆጠሩ፤ ፊታውራሪው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እንደዚያ እንዲያደርጉ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ያኔ ጋሽ አገኘሁ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አቀፏቸው።

"ፊታውራሪ አካለ ወልድ የእኛም አያት ናቸው፤ እኛም በአምስተኛው ነን። ልጁ ለልጄ ወንድሟ ነው። ዘመድ መጣልኝ እንጂ አማች አልመጣልኝም።"

ከዚያ አበሏቸው፣ አጠጧቸው። ለዘመዳቸው ለእኔም ማር ላኩልኝ። ሽማግሌዎቼ ሆዳቸው ጠግቦ ፊታቸው ጠቁሮ ተመለሱ። ማሩ ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው።

የኔዓለም ደወለች። "ከገበያ አያት ገዝተህ መጣህ" አለችኝ። አልገዛሁትም፣ ተመርቆልኝ ነው ልላት አልኩና ተውኩት። ስታለቅስ ሰማኋት።

ኅዳር 8
ሽማግሌዎቹ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። እኔ ደጀን ላይ ወርጄ ቀረሁ። መጽሐፉ እውነቱን ቢሆንስ? ያኔ የኔዓለም እህቴ ናት ማለት ነው... ቁርጡን የምታውቀው እትዬ የብርጓል ብቻ ናት። ነገ በቢቸና አድርጌ መርጡለ ማርያም እገባለሁ። እናቴ መንገዱ ሰላም ነው ወይ እያለች ስትደውል ዋለች።

ኅዳር 9፣ መርጡለ ማርያም
አክስቴ በር ላይ ሳለሁ ለየችኝ። በአረማመዴ ነው አለች። አባቴን እያነሳች አለቀሰች፤ አብሬ አለቀስኩ። ለምን እንደመጣሁ ስነግራት ግን ተቆጣች። እሷን ለመጠየቅ ሳይሆን ዘር ለማስቆጠር መምጣቴ ከነከናት። እውነቷን ነው።

ፊታውራሪ አካለ ወልድን ሳነሳ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። "ያ የይጁቤው የሺዋስ ነው። ፊታውራሪ የእኛን ደጅ የሚረግጠው ኩታ ሊያሠራ ነው" አለች።

ከዚያ ተነሥታ በሩን ዘጋች። ቤት ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም የለም፤ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አያቴ ዓባይ ሸማኔ ነበር። በሸማኔነታችን ቁጢት በጣሽ እያሉ ይሰድቡን ነበር። አባትህ መጀመሪያ የጠየቃትን ልጅ በዚህ ከለከሉት። ከዚያ ወዲያ አገሩን ዞሮ አላየም።"

ለካ ዝምታው ይህ ነበር። ሰባቱንም ቤት ቆጠረችልኝ። አንድም ፊታውራሪ የለም። ለሰው ልናገረው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። "አፉ ያንተ ነው" አለች።

ኅዳር 12
የኔዓለም ዘመድ አለመሆናችንን ስትሰማ አቀፈችኝ። ሸማኔውን ስነግራት ክንዷን አላላች። ለራሷ ብላ አይደለም፤ አባቷን ፈርታ ነው። እሳቸው የወንድማቸውን ልጅ ለቀጥቃጭ ልጅ አላስድርም ብለው አስቀርተዋታል።

"ከየሺዋስ በላይ የሚያውቅ የለም በል። ማን ይመረምርሃል?" አለችኝ።

ልክ ናት። የሚመረምር የለም። አክስቴም አትናገርም። ፊታውራሪ ሆኜ ወንድሟ ነበርኩ፤ ሸማኔ ሆኜ ደግሞ ባዳ እሆን ይሆናል። ወንድምነቱ እንኳ ማር ነበረው...

ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። አባቴ አንዴ ዝም አለ፣ ዝምታው እኔ ላይ ደረሰ። እኔም ዝም ካልኩ ልጄ ከለገሃር ሌላ አያት ይዞ ይመጣል። ደግሞም ገጹ የተገነጠለ ማኑዋል ይዤ ሊፍት አልፈታም። ይነገር አልኳት። "እንቢ ቢሉህስ?" አለች። ይበሉ።

ኅዳር 21፣ እሑድ
ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሉማሜ ሄዱ። ጋሽ እንዳለ የፊታውራሪው ስሕተት ከመጽሐፍ የመጣ መሆኑን ተናግረው ሰባቱንም ቤት ቆጠሩ፤ "ሸማኔው ዓባይ" ሲሉ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም አላደረጉም። እንዲህ ነው ሽማግሌ። ጋሽ አገኘሁ "ልጁ ራሱ ይምጣ። መጽሐፉንም ይዞ ይምጣ" አሉ።

ኅዳር 28፣ ሉማሜ
እንዲህ ያለውን ወግ የመምህሩ መጽሐፍ አልጻፈውም። ብቻዬን ገባሁ። የኔዓለም እናት እትዬ ማንጠግቦሽ ሽሮ አቀረቡልኝ።

ጋሽ አገኘሁ መነጽራቸውን አድርገው ሰማያዊውን መጽሐፍ አገላበጡ። ሲጨርሱ ቀና አሉ። ለፊታውራሪው ልጅ የከለከሏትን ለሸማኔ ልጅ ቢሰጡ ሰው ምን እንደሚል አውቅ እንደሆን ጠየቁኝ። አውቃለሁ አልኳቸው።

"ታዲያ ለምን ነገርከኝ? ሌላ አያት መፈለግ አያቅትህም ነበር።"

"የመጀመሪያው ያመጣብኝን አየሁት" አልኩ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ከጓዳ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ግን ጢማቸው ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ስለ ወንድማቸው ልጅ አነሱ። ያ የቀጥቃጭ ልጅ ዛሬ ደብረ ማርቆስ ትልቅ የብረት በር መሥሪያ አለው፤ እሷ ግን አላገባችም፣ እሳቸውንም አታናግርም። ይህን ሲናገሩ ወደ እኔ አላዩም፤ መጽሐፉን ነበር የሚያዩት።

"እሺ ብያለሁ" አሉ። "ግን በሠርጉ ቀን ዳሱ መሐል ቆመህ ዘርህን አንተው ትቆጥራለህ። ሰው ከኋላዬ ከሚያንሾካሹክ ፊት ለፊት ይስማው።"

መጽሐፉን ከጋቢያቸው ሥር አደረጉት። ብዙ ስሕተት አለበት፣ አርመው እንደሚመልሱልኝ ነገሩኝ።

ጥር 6
የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ እየሩስ ለመስክ ሥራ ደብረ ማርቆስ ልትሄድ ነው። ምን ላንብብ አለችኝ። ሦስቱን ሰጠኋት። ሰማያዊው ጋሽ አገኘሁ ጋ ነው። መልሱልኝ እንዳልል ገና አማች አልሆንኩም።

ጥር 24
ትናንት ተጋባን።

ሽማግሌዎቹ ከመረቁ በኋላ ጋሽ አገኘሁ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ዳሱ መሐል ቆምኩ። አክስቴ ጥግ ላይ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ተቀምጣለች። እኔ ነኝ ከመርጡለ ማርያም ያመጣኋት። እንደምቆጥር አልነገርኳትም። ፈርቼ ነው።

እንዳላማው አልኩ። ባምላኩ። የሺዋስ። ከዚያ አየር ሳብኩ... "ሸማኔው ዓባይ!"

ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ቀጣዩ ስም ጠፋኝ። ያን ሁሉ ያጠናሁ ሰውዬ... ጠፋኝ።

ያኔ ከጥግ እልልታ ተሰማ። ብቻውን፣ ቀጭን፣ ረጅም። አክስቴ ናት። ነጠላዋን ከፊቷ አውርዳ ቆማለች። እትዬ ማንጠግቦሽ ተከተሏት፤ ከዚያ ዳሱ በሙሉ።

እልልታው ሲበርድ አክስቴ አልተቀመጠችም። የጠፋኝን ስም እዚያው ቆማ፣ በሯን ዘግታ በነገረችኝ ድምፅ ሳይሆን፣ ውጭ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ጠራችልኝ።